ስክሪፕቱ ተስተካክሏል፣ ተጠቃሚው ግን አሮጌውን ያያል

ብራውዘር አንዴ ያወረደውን ፋይል በድጋሚ ላለማውረድ ኮፒውን ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ካሽ የሚባለው ይሄ ነው። ጥቅል ገዝቶ ሜጋባይት ለሚቆጥር ሰው ትልቅ ውለታ ነው። ጣጣው የሚመጣው ስክሪፕቱን፣ ማለትም የገጹን ቁልፎች የሚያሠራውን የኮድ ፋይል፣ የቀየርን ቀን ነው።

አንዴ የአንድ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ የማዘዣው ቁልፍ አልሠራ አለ። አስተካከልኩ፣ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ፣ ለባለቤቱ ደወልኩ። "ኧረ ምንም የተቀየረ ነገር የለም" አለኝ። እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ አይሠራም። ካሹን ዘልሎ ገጹን እንደ አዲስ የሚያወርደውን ኮንትሮልና ኤፍ5 ተጫን እንዳልለው የሚያየው በስልክ ነው። እሱን እንኳ እንደምንም ባግባባው፣ የደንበኞቹን ካሽ በየቤታቸው እየዞርኩ አላጠፋላቸውም።

ነገሩ የሚወሰነው ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር በሚልከው ካሽ-ኮንትሮል በሚባል ሄደር (አጭር የመመሪያ መስመር) ነው። እዚያ ላይ ማክስ-ኤጅ 86400 ከተባለ አንድ ቀን፣ 31536000 ከተባለ አንድ ዓመት ነው፤ ቁጥሩ ሰከንድ ነው። ያ ጊዜ እስኪያልቅ ብራውዘሩ ኮፒውን እየተጠቀመ ሰርቨሩን ላይጠይቅ ይችላል። ሲያልቅ "ይሄ ፋይል ተቀይሯል?" ብሎ በኢታግ (ሰርቨሩ ለፋይሉ በሰጠው መለያ) ወይም ፋይሉ በተቀየረበት ቀን ያጣራል። ካልተቀየረ 304 የሚል አጭር መልስ ይመጣለታል፣ ፋይሉም እንደገና አይወርድም።

ምንም ሄደር ካልተላከስ? ብራውዘሩ በራሱ ይገምታል። የተለመደው ግምት ፋይሉ ከተቀየረ ካለፈው ጊዜ 10 በመቶው ነው። 100 ቀን ሳይነካ የቆየ ስክሪፕት ዛሬ ጠዋት የወረደለት ሰው፣ እኛ ከሰዓት ብንቀይረውም እስከ 10 ቀን ድረስ አሮጌውን ሊይዝ ይችላል። የዚያ ሱቅ ችግር ይሄው ነበር።

እዚሁ ሄደር ላይ የሚጻፉት ስሞችም ያሳስታሉ። ኖ-ካሽ ማለት "አታስቀምጥ" ይመስላል፤ አይደለም። አስቀምጥ፣ ግን ከመጠቀምህ በፊት ጠይቅ ማለት ነው። አታስቀምጥ የሚለው ኖ-ስቶር ነው። ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየመው እንጃ፣ ብዙ ሰው ተሸውዶበታል።

ተጠቃሚው እጅ ያለውን ኮፒ መንካት ካልቻልን የሚቀረን ስሙን መቀየር ነው። ብራውዘር ፋይልን የሚያውቀው በአድራሻው ነው፤ አዲስ አድራሻ ለእሱ አዲስ ፋይል ነው። ቀላሉ መንገድ ከስሙ ኋላ የጥያቄ ምልክትና የቨርዥን ቁጥር መጨመር ነው፤ ወርድፕሬስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለትንሽ ሳይት ይበቃል፣ ቁጥሩን መቀየር ካልተረሳ። ይረሳል ደግሞ። ስለዚህ እንደ ዌብፓክና ቫይት ያሉ ኮዱን ለሰርቨር የሚያዘጋጁ መሣሪያዎች ከፋይሉ ይዘት የተሰላ ሃሽ (አጭር የፊደልና የቁጥር መለያ) ስሙ ውስጥ እንዲከቱ ማድረግ ይሻላል። አንዲት ሴሚኮለን ብትቀየር ስሙም ይቀየራል። ያኔ ስክሪፕቱን ያለ ስጋት ለአንድ ዓመት ካሽ ማድረግ ይቻላል።

ስክሪፕቱን የሚጠራው ኤችቲኤምኤል (የገጹ ዋና ፋይል) ግን ሁሌም ኖ-ካሽ ይሁን። የስክሪፕቱን ስም በጥንቃቄ ቀይሮ ኤችቲኤምኤሉን ለአንድ ቀን ካሽ ያደረገ ሰው ምንም አልሠራም፤ አሮጌው ገጽ አሮጌውን ስም ይጠራላ።

አሮጌዎቹን ፋይሎችም ወዲያው አታጥፉ። ጠዋት ገጹን ከፍቶ የተወው ሰው ከሰዓት ሌላ ክፍል ሲነካ ገጹ በድሮው ስም ፋይል ይጠይቃል፣ ያገኘው ግን 404፣ ማለትም "ፋይሉ የለም" የሚል መልስ ይሆናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆዩ ቦታ እንጂ ሌላ አይፈጁም።

ሲዲኤን (የፋይሎቻችሁን ኮፒ ይዞ ለተጠቃሚ የሚያደርስ የሰርቨሮች መረብ) ካላችሁ፣ ፐርጅ ማድረግ፣ ማለትም ኮፒውን ማስጣል፣ የሚያጸዳው የሲዲኤኑን ኮፒ ብቻ ነው፣ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ያለውን አይነካም። ሰርቪስ ወርከር የሚባለው፣ ብራውዘር ውስጥ ከገጹ ጀርባ የሚሠራው ስክሪፕትም የራሱ ጓዳ አለው። እሱ ያስቀመጠው ማክስ-ኤጅ አልፏል ተብሎ አይጣልም፤ ኮዱ ራሱ እንዲያጸዳው መጻፍ አለበት።

የሱቁ ቁልፍ እኔ ጋ ለምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ማታ ነው። የብራውዘሬ ዴቨሎፐር ቱልስ (የፕሮግራመሮች መሣሪያ) ክፍት ነበር፣ "ዲሴብል ካሽ" (ካሽ አትጠቀም) የሚለው ሳጥንም ከስንት ጊዜ በፊት እንደሆነ እንጃ ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱን አንስቼ ገጹን ስከፍት ያው የተበላሸው ቁልፍ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።