የርቀት ተሃድሶ ሕክምና ለቆየ የወገብ ሕመም፦ ምንድን ነው?

የወገብ ሕመም ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። የርቀት ተሃድሶ ሕክምና ማለት ደግሞ የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያው ታካሚውን በየሳምንቱ ከማመላለስ ይልቅ በስልክ ጥሪ፣ በቪዲዮ ወይም በድምፅ መልእክት እየተከታተለ፣ እንቅስቃሴ እያስተማረና ስሕተቱን እያረመ ወደ ዕለት ሥራው እንዲመለስ የሚረዳበት አሠራር ነው።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ለግማሽ ሰዓት ሕክምና ብሎ ይህን መንገድ በመኪና ወንበር ላይ ተጨናንቆ ሄዶ ሲመለስ ሕመሙ ይብስበታልና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ቢያቋርጥ አይፈረድበትም። ባለሙያው ወደ ሕዝቡ ይድረስ የሚለው ሐሳብ ለጎንደር አዲስ አይደለም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ዓላማው በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፤ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል።

ይህ ሕመም በርቀት ሊታከም የሚችለው በራሱ በሕመሙ ጠባይ ምክንያት ነው። ከመቶ የወገብ ሕመምተኞች የ90ዎቹ ያህል ሕመም ምንጩ ይህ አጥንት ወይም ያ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚለይ አይደለም። ሕመሙ ሲቆይ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ትንሹን ነገር ሁሉ እንደ ሕመም የሚቆጥር ይሆናል፤ በዚህም ላይ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከሥራ መራቅ ሲጨመሩ ጡንቻው ይዝላል፣ ሕመሙም ይጸናል። በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) የሚታይ የዲስክ ለውጥ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም በብዛት ስለሚገኝ፣ ውጤቱን አይቶ «ወገቤ አለቀ» ማለት ተገቢ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ሕክምናን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶንና ወገብን መጎተትን ግን በመደበኛ ሕክምናነት አይመክርም። እናቶቻችን ሲያማቸው መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚጠቅማቸው ከመቀነቱ ይልቅ ሥራውን አለማቆማቸው ይመስለኛል።

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል እንበል። አንዲት የዳባት እናት መጀመሪያ በአካል ተመርምረው ከባለሙያው ጋር ግባቸውን ይነጋገራሉ፤ ግቡ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ መመለስ ወይም በጾም ወራት ያለ ሥጋት መስገድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቤታቸው ሆነው ምንጣፍ ላይ ተኝተው መቀመጫቸውን ቀስ አድርገው ማንሳትን፣ ከመደብ ላይ ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትንና በየቀኑ የሚረዝም የእግር ጉዞን ይለማመዳሉ። ባለሙያው በቀጠሮው ቀን ደውሎ ምን ያህል እንደሠሩ፣ በማግስቱ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቃል፤ ሕመሙ ከተባባሰ መጠኑን ይቀንሳል እንጂ ተኝተው እንዲያርፉ አያዝም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በጥቅሉ የሚያሳዩት፣ እንዲህ ያለው ክትትል በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው ነው። ክትትል የሌለው ቪዲዮ በቴሌግራም ልኮ መተው ግን የርቀት ተሃድሶ ሊባል አይገባውም። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቀን ተራ የስልክ ጥሪ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

በርቀት የማይያዝ ሕመምም አለ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም ካለ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ሲመጡም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በአካል መደረግ አለበት።

አንድ ብዙ የማይታሰብበት ጉዳይ ስልኩን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ቤት ቪዲዮ የሚያሳየው ስልክ የልጅ ነውና፣ ቀጠሮው ልጁ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት ሰዓት መሆን ይኖርበታል። እናቲቱ ግን ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ጭንቀታቸው በልጃቸው ፊት ላይናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያው እንቅስቃሴው እንዳለቀ ልጁን አመስግኖ፣ ስልኩን ለእናቱ ብቻ ትቶ ወጣ እንዲል ቢጠይቀው መልካም ነው።