«ኦፕን» ምንድን ነው? ቻይንኛ ተናጋሪዎች መብራት ለምን «ይከፍታሉ»?

በአስተርጓሚነት በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ ቻይናዊው ሱፐርቫይዘር አዲስ የተቀጠረውን ቴክኒሻን «ኦፕን ዘ ማሽን» ብሎት ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። ልጁ የታዘዘውን አደረገ። ካቻቪቴውን አነሳ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ የጎን ሽፋኑን አውልቆ ግድግዳ አስደገፈ። ሱፐርቫይዘሩ ሲመለስ ማሽኑ ሆድ ዕቃው ተገልጦ ጠበቀው። ሰውዬው «አስነሳው» ማለቱ ነበር። እኔ የደረስኩት ጩኸቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ማንን ከማን እንደማስታርቅ ግራ ገባኝ እንጂ በእንግሊዝኛው ከሄድን ልክ የነበረው ልጁ ነው።

«ኦፕን» እንግሊዝኛ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚያጠናቸው ግሶች አንዱ ነው። ቀላል ስለሚመስል ማንም ተመልሶ አያየውም። ቻይንኛ ተናጋሪው መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ከጎኑ የሚያገኘው «ካይ» የሚለውን ግስ ነው። በር መክፈት «ካይ መን» ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ግን መብራት ማብራትም «ካይ ደንግ» ነው። መኪና መንዳት «ካይ ቸ»፣ ስብሰባ መቀመጥ «ካይ ኽዌይ» ይባላል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ፣ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ አበባ ሲፈነዳ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ፣ ይኸው ግስ ይመጣል። የፈላ ውሃ «ካይ ሽዌይ» ነው። ደስ ያለው ሰው ደግሞ «ካይ ሺን» ነው፤ ቃል በቃል ልቡ ተከፍቷል እንደማለት።

የግሱ ጥንታዊ ምልክት ሥዕል ነው ማለት ይቻላል፦ ሁለት መዝጊያ ያለው በር፣ ከበሩ ሥር ደግሞ መወርወሪያውን የሚያነሱ ሁለት እጆች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዋናው ቻይና ፊደሉ እንዲቀል ሲደረግ በሩ ወጣና መወርወሪያውና እጆቹ ብቻ ቀሩ። ለእኔ ይህ ግሱን በደንብ ይገልጸዋል። «ካይ» ውስጥ ዋናው ነገር በር መኖሩ አይደለም፤ ተይዞ የቆየ ነገር ተለቅቆ ሥራ መጀመሩ ነው። መብራቱም ሞተሩም አበባውም በዚህ በኩል ይገባሉ።

እንግሊዝኛው «ኦፕን» ግን በሩን አልጣለም። ለተማሪዎች የምነግረው መፈተኛ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲከፈት ውስጡ ይታያል ወይም ይገባበታል? መልሱ አዎ ከሆነ «ኦፕን» ይበሉ። በር፣ መስኮት፣ ሳጥን፣ ጠርሙስ፣ ዓይን፣ መጽሐፍ፣ ሱቅ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል፣ ሁሉም ያልፋሉ። ነገሩ ሥራ መጀመሩ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ኤሲ፣ ማሽን ከሆነ «ተርን ኦን» ነው። «ተርን» ማዞር ነው፤ አነጋገሩ የቧንቧና የጋዝ መክፈቻ በእጅ ይዞር ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው፤ ዛሬ ቁልፍ ተጭነንም «አዞርን» እንላለን። ለማጥፋት «ተርን ኦፍ» ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዕቃውን በስሙ ሳንጠራ «እሱን» ካልን ቃሉ መሀል ይገባል፤ «ተርን ኢት ኦን» እንጂ «ተርን ኦን ኢት» አይባልም።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ላፕቶፕ ላይ ነው። «ኦፕን ዘ ላፕቶፕ» ከተባሉ ክዳኑን ቀና ማድረግ በቂ ነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንም ትእዛዙ ተፈጽሟል። «ተርን ኦን ዘ ላፕቶፕ» ከተባሉ ደግሞ ኃይል መስጫውን መጫን አለብዎት። በቻይንኛ ለሁለቱም «ካይ» ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱ የሚወለደው ከዚያ ነው።

መንዳት ላይ ግን ብዙ አይሳሳቱም። «ድራይቭ» ቶሎ ይለመዳል፣ መምህሩም ቶሎ ያርመዋል። ለዓመታት የሚቆየው «ኦፕን ዘ ላይት» ነው፤ ሰሚው ስለሚረዳ ማንም አያርመውም። ሲንጋፖር ውስጥማ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ይሰማል። የኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችም በራሳቸው ቋንቋ መብራት «ይከፍታሉ»፤ ስለዚህ ነገሩ የቻይናዎች ብቻ አይደለም።

የእኛም አይቀርም። አማርኛ መብራትን ያበራል፣ መኪናን ያስነሳል፤ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር ተስማምተናል። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃና ኤሲ ግን «እንከፍታለን»። ስለዚህ «ኦፕን ዘ ቲቪ» የሚል ቻይናዊ ስንሰማ የምንስቀው ራሳችን ላይ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ እነሱ ይበልጡናል። እኛ «ስልኩን ዘጋብኝ» ስለምንል «ሂ ክሎዝድ ዘ ፎን» ይወጣናል። ቻይንኛ ስልክን የሚዘጋው «ጓ» ብሎ ነው፤ መስቀል፣ ማንጠልጠል ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ሃንግ አፕ» ይላል፣ ያው መስቀል። እዚህ ቦታ ላይ ቻይናዊው ተማሪ ያለ ምንም ድካም ያልፋል።

ስብሰባው ትንሽ ያዳግታል፤ «ኦፕን» ስብሰባ ላይም ይሠራልና። ሰብሳቢው ስብሰባውን «ኦፕን» ያደርጋል፤ መጀመሩን ያበስራል። «ካይ ኽዌይ» ግን መጀመሩ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቀመጡም ነው። ስለዚህ «ለሦስት ሰዓት ያህል ስብሰባ ከፈትን» የሚል እንግሊዝኛ ይሰማል። መባል ያለበት «ዊ ሃድ ኤ ሚቲንግ» ነው። «ተኩስ ከፈተ» የሚለው ደግሞ ይገርማል፤ አማርኛም እንግሊዝኛም ቻይንኛም እኩል ይከፍቱታል። ከላይ የሰጠሁትን መፈተኛ ያፈርሰዋል፤ እንዲህ ያለውን እንዳለ መሸምደድ ነው።

ግሱን በትክክል መርጠው ቅርጹ ላይ የሚሰናከሉም አሉ። የሱቅ በር ላይ የሚሰቀለውን ባለ ሁለት ገጽ ሰሌዳ ያስቡ፦ በአንዱ ፊት «ኦፕን»፣ በሌላው «ክሎዝድ»። አንዱ ጭራ አለው (መጨረሻው ላይ ያለችው «ድ»)፣ አንዱ የለውም። ቻይንኛ ግስ በጊዜ ቅርጹን ስለማይለውጥ ተማሪው በማመሳሰል ይሄዳል፦ ወይ ሁለቱንም ጭራ ያወጣላቸዋል፣ ወይ ከሁለቱም ይቆርጣል። «ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ» ካለ ሱቁ ክፍት መሆኑን ሳይሆን አንድ ሰው እንደሚከፍተው ነው የሚሰማው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ዕድለኛ ነው፤ «ተከፈተ»ን ከ«ክፍት ነው»፣ «ተዘጋ»ን ከ«ዝግ ነው» ለይተን ስለምናውቅ «ኦፕን» ማለት ክፍት፣ «ክሎዝድ» ማለት ዝግ ብሎ መያዝ ይበቃናል።

ጭራውን የቆረጠው ይብሳል። «ዘ ሾፕ ኢዝ ክሎስ» ማለት «ሱቁ ቅርብ ነው» ማለት ነው። የሰማው ሰው አመስግኖ፣ እስከ ተቆለፈው በር ድረስ በእግሩ ይሄዳል።