የዉዪ ተራራ የተቆላ ኡሎንግ፦ የዘወትሩ ሻይ

የዉዪ ተራራ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂየን ክፍለ ሀገር ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ይገኛል። ከዚያ የሚመጣው የተቆላ ኡሎንግ በአገሩ «ያንቻ»፣ የዓለት ሻይ፣ ይባላል። ኡሎንግ ከአረንጓዴ ሻይ የጠቆረ፣ ጥቁር ሻይ ለመሆን ግን ያልደረሰ ቅጠል ነው። ያንቻ በዚህ ላይ በከሰል ፍም ይቆላል። ሲፈላ ውሃው ወደ ብርቱካን ያደላ ቡናማ ይሆናል፤ የተቆላ እህልና የደረቀ ፍራፍሬ ይሸታል፤ ያለ ስኳርም ጉሮሮ ላይ ጣፋጭነት ይተዋል። ስለዚህ ሻይ ከሚጻፈው አብዛኛው ዋጋቸው ሰማይ ስለነካ ጥቂት ቅጠሎች ነው። የፉጂየንና የጎረቤቱ የጓንግዶንግ ከተማ የቻኦጆው ቤተሰብ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠጣው ግን ሌላው፣ ርካሹ ነው፤ ይህ ዳሰሳም በአመዛኙ ስለ እሱ ነው።

ምድሩና ደረጃው

ተራራው በቀይ አሸዋ ድንጋይ ገደሎቹና በመካከላቸው በሚጠማዘዘው ወንዝ ይታወቃል፤ ዩኔስኮም በ1999 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮም በባህልም ቅርስነት መዝግቦታል። ነጋዴዎች የሻዩን መሬት ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፍሉታል። በገደሎቹ መካከል ባሉ ጠባብ ሸለቆዎች የሚበቅለው «ጀንግያን» ይባላል፤ ፀሐይ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገኝ፣ አፈሩ ጠጠር የበዛበት፣ ከዓለቱ የሚንጠባጠብ ውሃ የሚያረጥበው ነው። በገደሎቹ ዳርና አካባቢ ያለው «ባንያን» ነው። በወንዙ ዳር ሜዳ ላይ ያለው ደግሞ «ጆውቻ» ይባላል። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የትየለሌ ነው።

በ2006 የወጣው ብሔራዊ ደረጃ ግን መላውን የዉዪሻን ከተማ አስተዳደር ክልል በአንድ ስም ሥር አስገብቶታል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ «ዉዪ ያንቻ» ተብሎ መጻፉ ቅጠሉ ከሸለቆ ይሁን ከሜዳ አይነግርም። ለዘወትር ጠጪ ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ በደንብ የተቆላ ባንያን ለዕለት ሻይነት ከበቂ በላይ ነው።

ዝርያን በተመለከተ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። ሮጉዪ ቀረፋን የሚያስታውስ ሹል ሽታ አለው፤ ፋሽን ስለሆነም ተወድዷል፤ በተለይ ኒውላንኬንግ ከሚባለው ሸለቆ የመጣው ተራ ሰው የሚቀርበው አይደለም። ሹዪሺየን ቅጠለ ሰፊ ነው፣ ምርቱ ብዙ ነው፣ ጣዕሙ ለስላሳና ወፍራም ነው፣ እሳትንም ከማንም በላይ ይችላል። የዘወትር ሻይ ከተባለ እሱ ነው።

ዳ ሆንግ ፓኦ

የዉዪ ስም በተነሳ ቁጥር ይህ የዝነኛ ሻይ ስም ይከተላል። ጂዩሎንግኬ በሚባለው ሸለቆ ገደል ላይ የቆሙ አሮጌ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ በተለምዶ ስድስት ተብለው ይቆጠራሉ፣ የጥንቶቹ ከዚያ ያንሳሉ የሚሉም አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀሙት በ2005 ነው። ከ2006 ጀምሮ መልቀም ተከልክሏል፤ ከመጨረሻው ለቀማ 20 ግራም በ2007 ወደ ቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ገብቷል። በሱቅ «ዳ ሆንግ ፓኦ» ተብሎ የሚሸጠው እንግዲህ ከነዚህ ዛፎች የመጣ ሊሆን አይችልም። ጥቂቱ ከእነሱ ከተባዛ ተክል ነው፤ አብዛኛው የሹዪሺየን፣ የሮጉዪና የሌሎች ዝርያዎች ቅልቅል ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ማቀላቀል በዉዪ የተከበረ ሙያ ነው፣ ጥሩ ቀላቃይም ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ጣዕም ያወጣል። ማጭበርበሩ የሚጀምረው ሻጩ ስለ እናት ዛፎቹ መተረክ ሲጀምር ነው።

አቆላሉ

ቅጠሉ የሚለቀመው በሚያዝያ አጋማሽና በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ለጋው ቀንበጥ ሳይሆን የተዘረጋው ቅጠል። ተዘርግቶ ይጠወልጋል፤ ከዚያ እንደ ሰፌድ ባለ የቀርከሃ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ እየቆዩ ያንገዋልሉታል። ዳር ዳሩ እርስ በርሱ እየተጋጨ ሲቆስል አየር ያገኘው ጠርዝ ይቀላል፣ መሐሉ አረንጓዴ ይቀራል። በጋለ ምጣድ ሂደቱ ይቆማል፣ ቅጠሉ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ግንዱና ቢጫው ቅጠል ይለቀማል። እስከዚህ ያለው ጥሬ ሻይ ነው።

ቁላቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ከሰሉ በጉድጓድ ውስጥ ነዶ ጭሱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ሻዩ በቀርከሃ ቅርጫት ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሰዓቱ ይረዝማል፤ ባለሙያው ሙቀቱን የሚለካው መዳፉን ቅርጫቱ ላይ አስደግፎ፣ ልኩን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ሻዩ ከአንድ ቁላት በኋላ ለሳምንታት አርፎ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ እሳት ያያል። በዚህ የተነሳ የግንቦት ቅጠል ለገበያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በመኸር ነው። የአሠራሩ ጥበብ በ2006 በቻይና የመጀመሪያው ብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ርካሽ ሻይ አሁን በአመዛኙ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆላል። ከሰል ይሻላል፣ አይሻልም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ በጥንቃቄ የተቆላ የምድጃ ሻይ በግዴለሽነት ከተቃጠለ የከሰል ሻይ እንደሚበልጥ ግን የሚቀምስ ሁሉ ይስማማል።

ታሪክ

የዩዋን ሥርወ መንግሥት በ1302 በተራራው የንጉሥ ሻይ እርሻ አቋቁሞ ነበር። ኡሎንግ ራሱ የት ተጀመረ ለሚለው የዉዪ ሰዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተጻፈውን፣ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቀይ የሆነውን የተራራቸውን ቅጠል የሚገልጸውን ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። በደቡብ ፉጂየን ያለው፣ ሌላው የኡሎንግ አገር የአንሺ ወረዳ ሰዎች የራሳቸው አባባል አላቸው። በ1773 ቦስተን ወደብ ላይ ባሕር የተጣለው ሻይ አብዛኛው ከዉዪ ስም የተወሰደ መጠሪያ ያለው ዓይነት ነበር። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ፎርቹን በ1849 ተራራውን ጎብኝቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ዓመት የጦርነትና የድህነት ነበር።

የዘወትሩ ሻይ የዛሬ መልኩን የያዘው በመንግሥት ንግድ ዘመን ነው። «ሃይዲ» በሚል ምልክት የሚሸጠው፣ በፉጂየን የወደብ ከተማ ያለው የሺያመን ሻይ ድርጅት ከ1954 ጀምሮ የፉጂየንን ቅጠል ሰብስቦ፣ ቀላቅሎና አጥብቆ ቆልቶ በቆርቆሮ እያሸገ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይልክ ነበር። ምልክቱ የተወሰደው የሺያመንን ደሴት ከየብስ ጋር ካገናኘው ግድብ ነው። በሲንጋፖርና በማሌዥያ ያሉ የፉጂየንና የቻኦጆው ተወላጆች አገራቸውን በዚህ ቆርቆሮ ቀመሱት፤ «ባኩቴህ» ከሚባለው የአሳማ አጥንት ሾርባ ጋር እስከ ዛሬ የሚቀርበውም ጠንከር ያለ የተቆላ ኡሎንግ ነው። የሃይዲ ቆርቆሮ ያረጀ መልክ አለው፣ ማስታወቂያም አይወድም። ገንዘቡ ግን ለቅጠሉና ለእሳቱ እንጂ ለሳጥኑ አልወጣም፤ ከቅንጡ ሳጥኖች መካከል ይህን የሚሉለት ጥቂት ነው።

ገበያና አፈላል

ከጥብቅ ቁላት ጀርባ የሚደበቅ ደካማ ቅጠል የዚህ ገበያ ዋና ችግር ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ከፈላ በኋላ ቅጠሉን አውጥቶ ማየት። በደንብ የተቆላ ቅጠል ቀስ ብሎም ቢሆን ይዘረጋል፣ ሲነካ ይለሰልሳል። የተቃጠለው እንደ ተጠቀለለ ጠንክሮ ይቀራል፤ ውሃውም ከሰል ከሰል ይላል። ገና ከእሳት የወጣ ሻይ ጉሮሮ ቢያሳክክ አይጣልም፤ ታሽጎ ጥቂት ወራት ሲቆይ እሳቱ ይወጣለታል። ጥብቅ ቁላት ያለው ሻይ ከእርጥበትና ከሽታ ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ በዛ አድርጎ መግዛት አይጎዳም። ከአዲስ አበባ ጓንጁ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ያሉት ሰው በከተማዋ ሊዋን ክፍል ያለውን የፋንግሱን የሻይ ጅምላ ገበያ ቢያስጠይቅ ከስጦታ ሳጥን በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ያገኛል።

የተለመደው እሽግ 8 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ይህም 100 ሚሊ ሊትር ለሚሆን ትንሽ ክዳናም ሲኒ ነው። የፈላ ውሃ ይደረግበታል፣ በሰከንዶች ውስጥ ይቀዳል፣ እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተደገመ ስድስትና ሰባት ጊዜ ይጠጣል። ሥራ ላይ ላለ ሰው 3 ግራም በትልቅ ኩባያ ይበቃል፤ 100 ግራምም በዚህ ስሌት ከሠላሳ ኩባያ በላይ ይወጣዋል። ሹዪሺየን ከጠፋ የሚተካው ከአንሺ የሚመጣው ቲዬጓንዪን የተባለው ኡሎንግ፣ የተቆላው ዓይነት፣ ነው። ሲገዛ «ኖንግሺያንግ» መባሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ «ቺንግሺያንግ» የተባለው አረንጓዴና አበባ አበባ የሚል፣ ቶሎ የሚበላሽ ሌላ ሻይ ነው።