የማዘጋጃ ቤት ውሎች፦ ለሕዝብ የሚከፈተውና የሚዘጋው

ማዘጋጃ ቤት በራሱ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው ድርጅት ነው፣ መንገድ የሚጠግነው ተቋራጭ ነው፣ የመንገድ ካሜራውንና የክፍያ ሶፍትዌሩን የሚያስተዳድረውም ሌላ ኩባንያ ነው። በመሃል ውል አለ። ከውሉ ጀርባ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያነብ የሚፈርምበት አባሪ ውስጥ፣ ሁለት ግዴታዎች ተጽፈዋል። አንደኛው ሕዝብ ሲጠይቅ መረጃ መስጠት ነው። ሁለተኛው የሰዎችን የግል መረጃ መጠበቅ። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስረዳ ጽሑፍ በአማርኛ ስላጣሁ ያነበብኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አብዛኛው ከካናዳ ነው፣ ምክንያቱም ከክፍለ ሀገሮቿ የአንዷ፣ የኦንታሪዮ፣ የመረጃና የግላዊነት ኮሚሽነር ውሳኔዎቹን ከነምክንያታቸው ስለሚያወጣና ከልቤ የማከብረው ተቋም ስለሆነ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንግሥት ሰነድ የማየት መብት በሕግ የተጻፈው መጀመሪያ በስዊድን ነው፣ በ1766። የአሜሪካው የፌዴራል ሕግ በ1966 ቢፈረምም ከተሞችን አይመለከትም፤ ከተሞች የሚገዙት በየክልላቸው ሕግ ነው።

ኦንታሪዮ ለማዘጋጃ ቤቶች ራሱን የቻለ ሕግ አላት። ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 1991 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው 5 ዶላር ከፍሎ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ከተማው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። የተጠየቀው ሰነድ የኩባንያን ጥቅም የሚነካ ከሆነ ለኩባንያው ደብዳቤ ይላካል፤ አስተያየቱን የሚሰጥበት 20 ቀን አለው። ከተማው «ይሰጥ» ብሎ ከወሰነም ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ ለኮሚሽነሩ ይግባኝ ማለት ይችላል። እስከዚያ ሰነዱ አይወጣም።

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ይሄ የንግድ ምስጢራችን ነው» ይላል። ሕጉ ግን ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፣ ሦስቱም መሟላት አለባቸው። መረጃው የንግድ፣ የገንዘብ፣ የቴክኒክ ወይም የመሳሰለው ዓይነት መሆን አለበት። ኩባንያው በምስጢር ለከተማው የሰጠው መሆን አለበት። ቢወጣ ጉዳት ያስከትላል ተብሎ በምክንያት የሚጠበቅ መሆን አለበት። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው። የኮሚሽነሩ አቋም ለዓመታት ያልተናወጠ ነው፦ ውል አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነገር አይደለም፣ ሁለቱ ተስማምተው የሚያወጡት ነው። ኩባንያው ዋጋ ጻፈ፣ ከተማው ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ያ ዋጋ የሁለቱም ነው። ብዙ ድርድር አለመደረጉ ለውጥ አያመጣም። አሸናፊው የጨረታ ሰነድ የውሉ አካል ከሆነም ዕጣው ከውሉ ጋር አንድ ነው። የተሸናፊዎቹ ሰነድ ግን የተሰጠ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ሙግቱ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይሸጋገራል።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። አንዱ፣ ከውሉ ላይ ተነስቶ ኩባንያው በምስጢር የሰጠውን ሌላ መረጃ መገመት የሚቻል ከሆነ ነው። ሌላው ድርድር የማይቀይረው ነገር ነው፣ ለምሳሌ የኩባንያው የቆየ የሒሳብ መግለጫ። በማንኛውም መንገድ የማስረዳት ሸክሙ «አይሰጥ» ባዩ ላይ ነው። «ተፎካካሪ ያየዋል ብዬ እሰጋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ዋጋው እንደሚታይ አውቆ ይምጣ።

ውሉ ውስጥ «ይህ ውል ምስጢራዊ ነው» ብሎ መጻፍስ? ሁለት ወገኖች ተስማምተው ሕግን መሻር አይችሉም። ጥያቄ ሲመጣ የሚታየው ሕጉ ነው፣ አንቀጹ ሳይሆን።

ሌላው ጣጣ ሰነዱ የት እንዳለ ነው። የቆሻሻ መኪናዎቹ የጉዞ መዝገብ፣ የአቤቱታ ስልኮች ቅጂ፣ የካሜራው ምስል፣ ሁሉም ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። «እኛ ጋ የለም» የሚለው መልስ ግን አይሠራም። ኦንታሪዮ የምትጠይቀው ከተማው በሰነዱ ላይ ሥልጣን አለው ወይ ብላ ነው። የእንግሊዝ ሕግም ሌላ አካል በመሥሪያ ቤቱ ስም የያዘውን ሰነድ እንደ መሥሪያ ቤቱ ሰነድ ይቆጥረዋል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ይበልጥ ግልጽ አድርጋዋለች። ለሕዝብ ተቋም አገልግሎት የሚሰጥ ተቋራጭ ውል ውስጥ፣ የሰነድ ጥያቄ ሲኖር ማን ጋ እንደሚደወል የሚናገር አንቀጽ መግባት አለበት፣ የፊደሉም መጠን ቢያንስ 14 ሆኖ በደማቅ መጻፍ አለበት። ሕግ አውጪው የፊደል መጠን ድረስ የወረደው ያ አንቀጽ ተደብቆ እንዳይቀር ነው፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው።

በእንግሊዝ የመረጃ ሕጉ ሥራ የጀመረው በ2005 ነው። መልስ የሚሰጠው በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። የንግድ ጥቅም የሚለው መከላከያ እዚያም አለ፣ ግን ከሕዝብ ጥቅም ጋር ተመዝኖ ነው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሆኑ ውሎቻቸውን ዝርዝር ማንም ሳይጠይቃቸው በየሦስት ወሩ ያወጣሉ። አከራካሪው ኖቲንግሃምሻየር የተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ጉዳይ ነው። አንድ ነዋሪ የቆሻሻ አያያዝ ውሉን በሒሳብ ምርመራ ሕግ በኩል ማየት ፈለገ። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የኩባንያ ምስጢራዊ መረጃ እንደ ንብረት ጥበቃ አለው አለ። ውሳኔው ሚዛናዊ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የነዋሪውን የቆየ መብት አጥብቦታል ባይ ነኝ።

ስሎቫኪያ ከሁሉም ርቃ ሄዳለች። ከ2011 መጀመሪያ ወዲህ እዚያ የሕዝብ ውል የሚጸናው በኢንተርኔት ከወጣ ማግስት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ካልወጣ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ቼክ ሪፐብሊክ በ2016 ተከትላታለች።

የግል መረጃው በኩል ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። ውሉ ክፍት ነው፣ ሰው ዝግ ነው። የዋና ሥልጠና የተመዘገበ ሕፃን ስም፣ የውሃ ሒሳብ ያልከፈለች ሴት አድራሻ፣ እነዚህ የከተማው አደራ ናቸው። ሥራው ለሌላ ቢሰጥም አደራው ከከተማው ትከሻ አይወርድም። ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 28 መሠረት፣ መረጃውን የሚያስተናግደው ኩባንያ በጽሑፍ ከተሰጠው መመሪያ ውጭ አይነካውም፣ ሳያስፈቅድ ለንዑስ ተቋራጭ አያስተላልፍም፣ ውሉ ሲያልቅ ይመልሳል ወይም ያጠፋል፣ ሲመረመርም በሩን ይከፍታል። መረጃ ከሾለከ ኩባንያው ሳይዘገይ ለከተማው ይናገራል፣ ከተማው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል።

ሌላዋ የካናዳ ክፍለ ሀገር ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የራሷ ታሪክ አላት። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የጤና መድን መዝገቦችን አሜሪካዊ እናት ኩባንያ ላለው ድርጅት ሊሰጥ ሲል፣ የአሜሪካ መንግሥት በጸረ ሽብር ሕጉ በኩል መረጃውን ሊወስደው ይችላል የሚል ስጋት ተነሳ፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ፍርድ ቤት ሄደ። በ2004 የግል መረጃ ከካናዳ ውጭ እንዳይቀመጥና ከውጭም እንዳይታይ የሚያዝ ድንጋጌ ወጣ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ማዘጋጃ ቤቶችንም ይመለከት ስለነበር ብዙ የክላውድ አገልግሎት፣ ማለትም መረጃ በኢንተርኔት በኩል በሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት፣ ለዓመታት ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ድንጋጌው በ2021 ላላ።

ሁለቱ ግዴታዎች ፊት ለፊት የሚገናኙት አንድ ገጽ ላይ ነው። ጨረታው ውስጥ የባለሙያዎች ሲቪ ተያይዟል። በኦንታሪዮ በሥራ ኃላፊነቱ የፈረመ ሰው ስምና ማዕረግ የግል መረጃ አይባልም፣ ይወጣል። የትምህርትና የሥራ ታሪኩ ግን የግል ነው፣ ይሸፈናል። መሸፈኑም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ ጊዜ የተላከልኝ ፒዲኤፍ ላይ የተቀባውን ጥቁር መርጬ ኮፒ ሳደርገው የሰውየው የቤት አድራሻ ከሥሩ ወጣ። ደንግጬ ፋይሉን አጠፋሁትና ላኪውን ነገርኩት። ሥዕል ተደረበበት እንጂ ጽሑፉ አልጠፋም ነበር። ጠንቃቃ የመዝገብ ሠራተኞች ሸፍነው፣ አትመው፣ መልሰው ስካን ያደርጉታል።

ውሉ ሲያበቃ ያለው ሰሞን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። «መረጃውን ይመልሳል» ብቻ ከተባለ፣ ኩባንያው በራሱ ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ፋይል አስረክቦ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ባክአፑስ (መጠባበቂያ ቅጂው) መቼ ይጠፋል የሚለው ከፊርማው በፊት ይጻፋል።