ክላስተር፦ ባለ ብዙ ሞተር የውድድር ሞዴል ሮኬት

ክላስተር የሚባለው ሁለትና ከዚያ በላይ ሞተሮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል የሚቀጣጠሉ ሞዴል ሮኬት ነው። አንዱ ሞተር ሲያልቅ ሌላው ከሚነሳበት ባለ እርከን ሮኬት ይለያል።

የሞዴል ሮኬት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በአሜሪካዊው የጫማ ነጋዴ በኦርቪል ካርላይል ነው። እሱና ወንድሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን ሞዴል ሠሩ። በ1957 ሃሪ ስታይን ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የሚባለውን አቋቋመ። ቨርን ኤስተስ ደግሞ በ1958 ኩባንያ ከፍቶ የባሩድ ሞተርን በማሽን በገፍ ወደማምረት ገባ። በእኔ እምነት ለክላስተር በር የከፈተው ይህ ነው። ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ሮኬቱ ቀጥ ብሎ አይወጣማ! የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1972 በዩጎዝላቪያ ተካሄደ።

የክላስተር ሙያ የሚለየው በማቀጣጠሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሞተር 100 ጊዜ ተሞክሮ 95 ጊዜ ይነሳል እንበል። ሦስቱም እኩል የመነሳት ዕድላቸው ወደ 86 በመቶ ይወርዳል፤ አራት ከሆኑ 81። አንዱ ከቀረ ግፊቱ ወደ አንድ ጎን ያደላና ሮኬቱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ የማቀጣጠያ ሽቦዎቹ በትይዩ ይያያዛሉ። በተከታታይ ከተያያዙ ቀድሞ የተቃጠለው ሽቦ የሌሎቹን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮችም አይበቁም፤ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ያስፈልጋል። ሽቦዎቹን የሚቆነጥጡት ክሊፖች አፍ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩም ደጋግሞ ማየት ነው። ሮኬቱ አልነሳ ካለ ባትሪው ተነቅሎ 60 ሰከንድ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በግንባታው በኩል ሞተሮቹ በተቻለ መጠን ወደ መሐል ይጠጋጋሉ። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በደንብ ይደፈናል። አለበለዚያ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ጋዝ በዚያ ያመልጣል። ብዙ ሞተር ጅራቱን ስለሚያከብድ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨመራል። የክብደት ማዕከሉ (ሮኬቱ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ) ከአየር ግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ቢያንስ በአንድ የሮኬቱ ቱቦ ስፋት ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት።

በውድድር በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጠራው ምድብ የሚወሰነው በሞተሮቹ ጉልበት ድምር ነው። የሲ ሞተር እስከ 10 ኒውተን ሰከንድ (የሞተር ጠቅላላ ጉልበት መለኪያ) ይሰጣል፤ ሦስቱ 30 ሆነው ኢ ምድብ ይገባሉ። አንድ ትልቅ ሞተር ከክላስተር ይበልጥ ከፍ ይላል የሚሉ አሉ። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ አየሩ ብዙም አይይዘውም ይላሉ። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ሞተር እኩል ማስነሳት የሚችል ሰው እጁ የሰላ ነው፤ ይህ አያከራክርም።

ሮኬቱ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚታየው የሞተሮቹ ቀፎ ነው። ያልነደደ ሞተር ከተገኘ የመጠምዘዙ ምክንያት ታወቀ ማለት ነው።