ከልስን በፊት፦ ስለ ሴንትራል ቫኪዩም የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ከለገጣፎ ዋና አስፋልት ተገንጥላችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ኮብልስቶኑ ያልቅና አፈሩ ይጀምራል። ቤታችንን የሠራነው እዚያ ነው። በበጋ አንድ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ ደፍ አፈር ይለብሳል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ባለቤቴ ደግሞ አስም አለባት። ስለዚህ ሴንትራል ቫኪዩም የሚባል ነገር እንዳለ ስንሰማ ጆሯችንን ሰጠን።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሞተሩና የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋራዥ ወይም ሰርቪስ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከእሱ የተነሳ የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ወደ ክፍሎቹ ይሄዳል። ቧንቧው ክፍል ውስጥ ሲደርስ ሶኬት የሚመስል፣ ክዳን ያለው አፍ ይወጣለታል። የሚያጸዳው ሰው ረጅም ጎማ ይዞ ይመጣል፣ አፉ ላይ ይሰካል፣ ሞተሩ ይነሳል። አቧራው በግድግዳው ውስጥ ተስቦ ከቤት ይወጣል።

ቤቱን ስንሠራ ከሻጭም፣ ከፎርማንም፣ ከዘመድም ብዙ ሰማን። አብዛኛው ልክ አልነበረም። አሁን አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ በኩል መሠረት እያወጣችሁ ላላችሁ፣ የተማርነውን እነሆ።

«መጀመሪያ ቤቱ ይለቅ፣ ቫኪዩሙ በኋላ ይገጠማል»

ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ቪዲዮ ባለቀ ቤት ውስጥ በግማሽ ቀን ሲገጠም ያሳያል። እውነት ነው፣ ግን እዚያ ግድግዳው የእንጨት ነው። በሁለት የጂፕሰም ሰሌዳ መሀል ባዶ ቦታ አለ፤ ቧንቧው ከላይ ወርዶ ይገባል። የእኛ ቤት ብሎኬት፣ ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) እና ልስን ነው። ካለቀ በኋላ ቧንቧ ላስገባ ማለት ግራይንደርና መሮ ማስገባት ነው። ልስኑ ይፈርሳል፣ ቀለሙ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ሴራሚኩም ይነሳል።

ትክክለኛው ጊዜ ብሎኬቱ ተደርድሮ ልስን ሳይጀመር ነው። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሠራተኞች ግድግዳ የሚቆርጡት ያኔ ስለሆነ አብሮ ይሠራል። ጂ+1 ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ቧንቧው ሶሌታውን የሚያልፍበት ቦታ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ባዶ ቱቦ ተቀምጦ መያዝ አለበት። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ቢም ወይም ኮለን መቦርቦር ፌሮ መቁረጥን ስለሚያመጣ በጭራሽ አትፍቀዱ። መሐንዲሳችሁ ሥዕሉ ላይ ቦታውን ያሳያችሁ።

የብሎኬቱንም ውፍረት እዩ። ቧንቧው ከ5 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ባለ 15 ወይም ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ይችለዋል። ባለ 10ው ግን ግማሹ ሲቆረጥ የሚቀረው ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ቁምሳጥን ውስጥ ወይም የግድግዳ ጥግ ላይ ቧንቧውን አውርዶ መሸፈን ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገርም አለ። ማሽኑን ዛሬ መግዛት ግዴታ አይደለም። ቧንቧውንና የመቆጣጠሪያ ሽቦውን አሁን ቅበሩ፣ አፎቹን ድፈኑ፣ ማሽኑን ገንዘብ ሲገኝ ስቀሉ። እኛም ያደረግነው ይሄንኑ ነው። ቤት ስትሠሩ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚያልቅ አይታወቅም። ያኔ ማሽን ግዙ ብንባል እንተወው ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልሳኞቹ ከመግባታቸው በፊት የቧንቧውን ጫፍ ሁሉ በፕላስተር እሰሩ። እኛ አንዱን ረሳነው፣ የመኝታ ቤቱን። ሲሚንቶ ገብቶበት ደረቀ። ያ አፍ እስከ ዛሬ አይሠራም። በተጨማሪ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ ቧንቧው የሚያልፍበትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ነገ ቴሌቪዥን ለመስቀል ድሪል የሚይዘው ሰው ያንን ፎቶ ይፈልገዋል።

«ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው፣ የፍሳሹ ይሆናል»

የፎርማናችን ሐሳብ ነበር። «ጋሼ፣ ተክለ ሃይማኖት ሄደን 50 እንገዛለን፣ ምን ያስቸግራል?» አለኝ። ለመቆጠብ ብሎ ነው፣ በቅንነት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እስክናይ እኔም አምኜው ነበር።

የቫኪዩም ቧንቧ በብዛት ውጪው 51 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ለስላሳ። የፍሳሹ 50 ነው፣ ወፍራም። አንዱ የአንዱ ጎሚቶ (ቧንቧ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) ውስጥ በልኩ አይገባም። ዋናው ችግር ግን ጎሚቶው ነው። የፍሳሽ ጎሚቶ ድንገት ይታጠፋል፤ መጋጠሚያው ላይም የጎማ ቀለበት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ። ውሃ ይሄን አይቆጥረውም። ፀጉርና ክር ግን እዚያ ይይዛል፣ በላዩ ላይ ሌላው ይከመራል። የቫኪዩም ጎሚቶ ሰፋ ብሎ ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው።

ሠራተኛው ላይ ቆማችሁ የምታዩዋቸው ነገሮች አሉ። ቧንቧው ሲቆረጥ ጫፉ ይለስልስ። ኮላው ቧንቧው ውጪ ላይ ይቀባ እንጂ ጎሚቶው ውስጥ አይቀባ። ውስጥ ከተቀባ ሲገፋ ወደ ፊት ተሰብስቦ ይደርቅና እሾህ ይሆናል። ቲው (ሦስት አፍ ያለው የቅርንጫፍ መጋጠሚያ) ወደ ማሽኑ አቅጣጫ የሚያዘነብል ይሁን። አግድም ከሚሄደው ዋና መስመር ቅርንጫፍ ሲወጣ ከላይ ወይም ከጎን ይውጣ፤ ከታች ከወጣ አቧራው እየወደቀ እዚያ ይጠራቀማል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠባብ ጎሚቶ ሆን ተብሎ ይገባል፣ ከግድግዳው አፍ ወዲያው ጀርባ። እርሳስ ወይም ማንኪያ ቢገባ እዚያው በእጅ በሚደረስበት ቦታ እንዲቆም ነው። ሩቅ ሄዶ ሶሌታ ውስጥ ከሚሰነቀር እዚያ ይሻላል።

«ዋቱ የበዛው ይበልጣል»

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ሞተሩ የሚበላው መብራት ነው። ምን ያህል እንደሚስብ አይናገርም። ሳቢነትን የሚነግሩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ውሃን ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሳብ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ኤርዋት የሚባለው ነው፤ የመሳብ ጉልበቱንና የሚያልፈውን አየር አብሮ ያሰላል። ሻጩን እነዚህን ጠይቁት።

ከዚያ ደግሞ የኛ ከተማ የራሷ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ 76 ገደማ ነው። አየራችን ስስ ነው። የቫኪዩም ሞተር አየር በመግፋት ነው የሚሠራው፣ አየሩ ከሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። በግምት ሩቡን ያጣል። ካርቶኑ ላይ ውሃ 300 ሳንቲ ሜትር ያነሳል የተባለ ማሽን እዚህ ወደ 230 ቢያነሳ ነው። ሱሉልታና እንጦጦ በኩል ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ «ለ200 ካሬ ሜትር ቤት» የተባለውን ለ200 ካሬ አትግዙ። አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘውም በዚያው ስስ አየር ስለሆነ ጠባብና ሞቃት ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጉበት።

«አሜሪካ ያለው ዘመድ ይልክልናል»

መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የአሜሪካው በብዛት ለ120 ቮልት ነው፣ የኛ 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ያኔውኑ ይቃጠላል። ለ1,500 ዋት የሚሆን ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ ነው። ዘመድ እንዲልክ ከተፈለገ «220–240» የሚል የተጻፈበትን ይላክ።

ማሽኑ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። 1,600 ዋት በ220 ቮልት ከ7 አምፔር በላይ ይስባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር በቂው ነው። ዳር አካባቢ መብራት ሲወርድና ሲወጣ እናውቀዋለን፣ ከቮልቴጅ መጠበቂያ ጋር ይሁን። ከቧንቧው ጋር የሚሄደው ማስነሻ ሽቦ ግን 24 ቮልት ገደማ ነው። ከ220ው ጋር አንድ ኮንዲዩት ውስጥ አይግባ።

«በየክፍሉ አንድ አፍ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። የተለመደው ጎማ 9 ሜትር ነው። ጥሩ ቦታ ላይ የተቀመጠ አንድ አፍ ከ55 እስከ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አፍ በበዛ ቁጥር ክዳን ይበዛል፣ አየር የሚያሾልክ ቦታም ይበዛል። ሁለት ሰው በሁለት አፍ በአንድ ጊዜ ያጸዳል የሚሉም አሉ። የቤት ማሽን የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው።

እኛ ቦታውን የመረጥነው በሲባጎ ነው። 9 ሜትር ቆረጥን። አንዱን ጫፍ ኮሪደሩ ላይ ሊሆን ይችላል ባልነው ቦታ ሚስማር ላይ አሰርን። ሌላውን ባለቤቴ ይዛ ገና በር ባልተገጠመላቸው ክፍሎች ዞረች። አልጋ የሚሆንበት ጋ ብሎኬት ደርድረን ነበር፣ እሱን ዞራ። የልጆቹ ክፍል የመጨረሻ ጥግ ላይ ሲባጎው አንድ ክንድ አነሰ። ሚስማሩን ነቅለን ወደ በሩ ጠጋ አደረግነው፣ ደረሰ። ሥዕል ላይ በማስመሪያ ብንለካው ኖሮ ያቺን ጥግ አናያትም ነበር። ጎማ ዕቃ እየዞረ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ለ160 ካሬው ቤታችን ሦስት አፍ በቃን፤ አራተኛው ጋራዡ ውስጥ ለመኪናው ነው።

«ድምፅ የለውም»

ሳሎን ውስጥ ጎማው ጫፍ ላይ ካለው የንፋስ ድምፅ በቀር ብዙ አይሰማም። ሞተሩ ያለበት ቦታ ግን ይጮኻል። ብዙ ሰው ሰርቪስ ቤት ላይ ይሰቅለዋል። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይኖራል። ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት የሚተኛ ዘበኛ አለ። ከትራሱ ጀርባ ሞተር አትስቀሉ።

የአየር መውጫውም እንደዚያው። የዚህ ማሽን ትልቁ ጥቅም ማጣሪያውን ያለፈው ደቃቅ አቧራ ክፍል ውስጥ ተመልሶ አለመበተኑ ነው፤ ውጪ ይወጣል። ለባለቤቴ ያሰብነውም ለዚህ ነው። አስም አያድንም፣ ግን ሲጠረግ እንደ ድሮው ከቤት መውጣት አያስፈልጋትም። አንዳንድ ገጣሚ ማጣሪያ አለው ብሎ መውጫውን ጋራዥ ውስጥ ይተወዋል። እሺ አትበሉ። ወደ ውጪ ይውጣ፣ ክረምት ዝናብ እንዳይገባው ወደ ታች ይታጠፍ፣ ከማንም መስኮት ይራቅ።

«ሁሉን ይስባል»

አይስብም፣ መሳብም የለበትም። የመጀመሪያው የቡና ከሰል ነው። አመዱ የጠፋ ይመስላል፣ ውስጡ ፍም አለ። ፍሙ ተስቦ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሲገባ ደረቅ አቧራና ብዙ አየር ያገኛል። እሳት ይነሳል፤ እሳቱ ደግሞ ከዓይናችሁ ርቆ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። አመድ በአካፋ ይነሳ፣ ሁልጊዜ።

ሁለተኛው የበዓል ቄጠማ ነው። ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ጎሚቶ ላይ ይጠቀለላል። በእጅ ወይም በመጥረጊያ ይሰብሰብ፣ ፈንድሻውና ትንንሹ ብጥስጣሽ ለቫኪዩሙ ይቅር። ውሃ የፈሰሰበት ወለልም በመወልወያ ነው።

ሦስተኛውን አዲስ ቤት የገባ ሁሉ ይሳሳተዋል። ግንባታው እንዳለቀ የቀረውን የሲሚንቶና የጂፕሰም ዱቄት በዚሁ እናንሳው ይላል። ያ ዱቄት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ አልፎ ሞተሩ ውስጥም ይገባል። መጀመሪያ ቤቱ ተጠርጎ ይታጠብ።

«አዲስ ነገር ስለሆነ ገና አልተፈተነም»

እንዲያውም ከሚጎተተው ይቀድማል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ውስጥ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው ማሽን በፈረስ እየተጎተተ መንገድ ላይ ይቆምና ጎማው በመስኮት ይገባ ነበር። ሞተሩ ከቤት ውጪ ነበር።

«አንዴ ከገጠሙት አይነካም»

ይነካል። ማጠራቀሚያውን በበጋ በየወሩ ክፈቱና እዩት። የውጪ መመሪያዎች በዓመት ሁለት ሦስቴ ይላሉ፣ እነሱ ግን የኛን መንገድ አላዩትም። ስትገዙ ከረጢቱን፣ ማጣሪያውንና የሞተሩን ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቀውን ብሩሽ) ትርፍ አብራችሁ ያዙ። ሻጩ ካርቦኑን ማሳየት ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

«ለሠራተኛ ቀላል ነው»

ይሄን የሚለው ብዙ ጊዜ የማያጸዳው ሰው ነው። ማሽን አይጎተትም፣ እውነት ነው። 9 ሜትር ጎማ ግን ክብደት አለው፣ የሚቀመጥበትም ቦታ ይፈልጋል። ቤት የምታግዘን እህት መጀመሪያ ቀን ተሸክማው ደረጃ ስትወጣ አየኋት። «ጋሼ፣ ፎቁ ላይ ሌላ ቢኖር ለኔ ይሻለኛል» አለችኝ። ልክ ነበረች። አሁን ሁለት ጎማ አለ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ እያንዳንዱ ሰፊ መስቀያ ላይ ተጠቅልሎ። ጎማው ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን የተለየ አፍና በጣም የሰፉ ጎሚቶዎች ስለሚፈልግ ከልስን በፊት መታወቅ አለበት። ሱቅ ስትሄዱ የምታጸዳውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጎማውን አንስታ፣ ጠቅልላ፣ ሰክታ ትሞክረው።