የቦብ ዲላን የመጀመሪያ አልበም፦ የሚወራውና እውነቱ

የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቦብ ዲላን የመጀመሪያ አልበም ገበያ ላይ የዋለው በማርች 1962 ነው (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሸክላው ላይ 13 ዘፈኖች አሉ። የራሱ ድርሰት የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 11 የሌላ ሰው ወይም የሕዝብ ናቸው። በ2016 በሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመ ሰው በሰው ዘፈን መጀመሩ ብዙዎችን ግር ይላቸዋል። ስለዚህ አልበሙን እንደ ማሟሟቂያ ቆጥረው ዘለው ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ዲላንን ዲላን ያደረገው ነገር እዚህ ሸክላ ላይ በግልጽ ይሰማል።

«የሰው ዘፈን የዘፈነው መጻፍ ስላልቻለ ነው»

ዲላን ኒውዮርክ የገባው በጃንዋሪ 1961 ነው። ይዘፍን የነበረው ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ ትንንሽ ቡና ቤቶች ውስጥ ነው። እዚያ አንድ የፎክ (የሕዝብ ባህላዊ ዘፈን) ዘፋኝ የሚመዘነው ስንት የቆየ ዘፈን እንደሚያውቅና እንዴት አድርጎ እንደሚጫወተው ታይቶ ነበር። የራስን ድርሰት ይዞ መቅረብ ግዴታ አልነበረም። ዘፋኟን ጆአን ባኤዝን ተመልከቱ። በ1960 ያወጣችው የመጀመሪያ አልበም ከሞላ ጎደል በቆዩ የሕዝብ ዘፈኖች የተሞላ ነው። ዝናዋ የጀመረው በዚያው ነው።

«ዘፈኖቹ ባለቤት የሌላቸው የድሮ ዘፈኖች ናቸው»

ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ደራሲያቸው የማይታወቅ ናቸው። ሌሎቹ ግን ስማቸው ከሚታወቅ ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፋኞች የመጡ ናቸው፦ ከጄሲ ፉለር፣ ከከርቲስ ጆንስ፣ ከብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን፣ ከቡካ ዋይት። ጄፈርሰን በ1929 ሞቷል። ቡካ ዋይት ግን አልበሙ ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ ሰው ረስቶት ሜምፊስ ውስጥ ይኖር ነበር። ዲላን የዘፈነለትን ዘፈን እሱ የቀዳው በ1940 ነው። በ1963 ጆን ፌሂ የተባለ ወጣት ጊታሪስት ከጓደኛው ጋር ሆኖ አፈላልጎ አገኘው። ዘዴያቸው ደስ ይላል፦ ዋይት በአንድ ዘፈኑ ወደጠቀሳት አበርዲን፣ ሚሲሲፒ፣ በፖስታ ቤቱ በኩል ይድረሰው ብለው በስሙ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ ደረሰው። ዋይትም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ዲላን ራሱም ምንጩን የሚደብቅ አልነበረም። ከዘፈኖቹ በአንዱ መግቢያ ላይ ጊታሩን እየነካካ ዘፈኑን መጀመሪያ ከማን እንደሰማው በስም ይናገራል፤ ሰውየው የፎክ ዘፋኙ ኤሪክ ቮን ሽሚት ነው።

«‹ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን›ን የወሰደው ከአኒማልስ ነው»

ተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዞቹ ባንድ የአኒማልስ ቅጂ የወጣው በ1964፣ ከዲላን ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዘፈኑ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል። ክላረንስ አሽሊ በ1933 ቀድቶታል። በ1937 ደግሞ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ ኬንታኪ ውስጥ ጆርጂያ ተርነር ከተባለች ልጅ ቀርጾታል።

ዲላን የዘፈነበት ቅንብር ግን የዴቭ ቫን ሮንክ ነው። ቫን ሮንክ የሰፈሩ አንጋፋ ነበር፤ ዲላንን ቤቱ ያሳድረው ነበር። በቅንብሩ የጊታሩ ወፍራም ድምፅ ደረጃ በደረጃ ቁልቁል ይወርዳል፤ የዘፈኑን ጨለማ ስሜት የሚፈጥረውም ይኸው ነው። ቫን ሮንክ እንደተረከው ዲላን ቅንብሩን ልጠቀምበት ብሎ ሲጠይቀው ዘፈኑን ቀድቶ ጨርሶ ነበር! ቫን ሮንክ ደግሞ ራሱ ሊቀዳው አስቦ ነበር። መቀያየማቸው አልቀረም። ከዚያ የባሰው፣ ቫን ሮንክ ዘፈኑን ሲጫወት ሰዎች «ከዲላን ነው የወሰድከው» ይሉት ጀመር፤ ተወው። አኒማልስ ሲመጡ ደግሞ ተራው የዲላን ሆነ፤ «ከአኒማልስ ነው የወሰድከው» ተባለ፤ እሱም ተወው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ስሙ። በዲላን ቅጂ ዘፈኑን የምትተርከው ሴት ናት፤ የ20 ዓመት ወንድ ልጅ ሕይወቷ የተበላሸባትን ሴት ታሪክ ‹እኔ› እያለ ይዘፍናል፤ ሴትነቷን አይቀይርባትም። አኒማልስ ተራኪውን ወንድ አድርገውታል። ለእኔ የዲላን ይበልጣል።

«አልበሙ ወዲያው አነጋጋሪ ሆነ»

በጭራሽ። በመጀመሪያው ዓመት 5,000 ገደማ ብቻ ነው የተሸጠው። ዲላንን ያስፈረመው የኮሎምቢያ ሬኮርድስ ሙዚቃ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ጆን ሃመንድ ነበር፤ የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊዴይን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀዳ ሰው። ኩባንያው ውስጥ ዲላንን «የሃመንድ ሞኝነት» ይሉት ነበር። አልበሙ የተቀዳው በኖቬምበር 1961 በሁለት ቀን፣ በአንድ ጊታርና በአንድ ሃርሞኒካ ነው። ወጪው 400 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ኪሳራ እንኳ ቢባል ከባድ ኪሳራ አልነበረም።

«ቢያንስ ሁለቱ የራሱ ዘፈኖች ሙሉ በሙሉ አዲስ ናቸው»

ግጥማቸው የራሱ ነው። አንደኛው በጠና ታሞ ለተኛው ለፎክ ዘፋኙ ለዉዲ ገትሪ የተጻፈ ምስጋና ነው። ዜማው ግን የራሱ የገትሪ የቀድሞ ዘፈን ዜማ ነው። ለሰውየው ክብር የተጻፈ ግጥም በሰውየው ዜማ ሲዘፈን እኔ ስርቆት አይታየኝም። በፎክ ዓለም መከባበር እንዲህ ነው።

«በሁለተኛው አልበም ይህን ሁሉ ተወው»

በ1963 የወጣው ሁለተኛው አልበም ላይ አብዛኛው ዘፈን የራሱ ድርሰት ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ዓለም ሁሉ ያወቀለት ‹ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ› ግን ዜማው የተወለደው በባርነት ዘመን ከነበረ የጥቁሮች መዝሙር ነው፤ ይህን ዲላን ራሱ ተናግሯል። በመጀመሪያው አልበም ዘፈኑን እንዳለ ይወስድ ነበር፤ በሁለተኛው ዜማውን ይዞ ግጥሙን ለራሱ ዘመን ጻፈው።